ከሳንቃው የወጡት ሦስት ሰዎች

ስለ ሥዕል የተማርሁት ነገር የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት ማተሚያ ክፍል ውስጥ ስለ ነበር ብቻ ነው ከሥዕል ጋር የተዋወቅሁት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ሥዕል ነው። ያለበትም አንድ መስመርና አንድ ክብ ብቻ ነው። እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ። የልጅ ልጄ በቀደም ቆማ አየችውና «አያቴ፣ ይህንንማ እኔም እሥለዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማንም ሊሥለው ይችላል። በዚህ ሥዕል ምክንያት ግን አንድ ሰው እንደ ወጣ ሊቀር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በባሕር ዳር የተኩሱ ድምፅ ቀነስ ብሎ፣ ፍርሃቱ ግን ገና ከሰው ላይ ያልወረደበት ጊዜ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በሐይቁ ገዳማት ሲያገለግሉ ኖረው በጊዜ ዐረፉ። እኔ ከእናቴ ጋር ዓባይ ማዶ እኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ አስናቀም ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። አልተመለሰም። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ የቀበሌ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ «አይጠብቁት። ለቅሶ እንዳይቀመጡ» አላት። ሌላ ነገር አልተናገረም። እናቴም አልጠየቀችም። ድንኳን አልተጣለም፤ ተዝካር አልወጣም። ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቀችም፤ ጎረቤት ያያል። በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ ገበያ ወጣች። እኔም ሥራ ገባሁ።

ማተሚያ ክፍላችን ሐይቁ ዳር፣ ቀድሞ የዓሣ መረብ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም ነበር። ሥራችን ለበዓልና ለስብሰባ የሚለጠፍ ሥዕል ማተም ነው፤ የተጨበጠ እጅ፣ ማጭድና መዶሻ፣ ጭስ የሚወጣው ፋብሪካ። ሠዓሊው ጋሽ ውብሸት ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እሳቸው የዋንዛ ሳንቃ በመሮ ይጠርባሉ። እኔ ሳንቃው ላይ በሮለር ቀለም እቀባለሁ፤ ወረቀት አልብሼ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ አሸዋለሁ፤ ከዚያ ገልጬ ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ። የተጠረበው ቦታ ቀለም ስለማይነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተጠረበው ይታተማል።

ጋሽ ውብሸት በጭረት ነገር ቀልድ አያውቁም። መሮ ያለፈበት ቦታ በደንብ ካልጸዳ የቀረችው ቀጭን እንጨት ቀለም ትይዝና ነጩ ላይ ጭረት ትተዋለች። ሽፋሽፍት ለምታህል ጭረት ስንት የታተመ ወረቀት ቀደዋል። በስሜ ጠርተው «ሙሉ፣ ነጩ ነጭ ይሁን» ይሉኝ ነበር።

ከመንግሥት ሥራ ሌላ ለራሳቸው የሚሠሩበት አንድ ሰፊ ሳንቃ ነበራቸው። በመጀመሪያ ያተሙበት ሥዕል ሐይቁን የሚያሳይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ የውኃ መስመር፣ ከበላዩ ቀይ ክብ፣ መስመሩ ላይ አንድ የደንገል ታንኳ፣ ታንኳዋ ላይ ሦስት ሰዎች። ሰዎቹ አውራ ጣት ቢያህሉ ነው፤ ፊት የላቸውም። ሁሉም ቀይ የሆነው ጥቁሩ ቀለም አልቆብን ስለ ነበር ነው። በዚያ ዘመን ቀይ ቀለም አያልቅም።

ከሳምንታት በኋላ አንዱን ሰው ጠርበው አወጡትና እንደገና አተሙ። ቆይተው ሌላውን አወጡ። «ጋሽ ውብሸት፣ ሰውየውን ለምን አወጡት?» ብላቸው፣ «በዛብኝ» አሉኝ። ሦስተኛውም ወጣ። በመጨረሻ ታንኳዋም ወጣች። መስመሩና ክቡ ቀሩ።

የመጨረሻውን ወረቀት የገለጥሁት እኔ ነኝ። ገመዱ ላይ ካሰጣሁት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ አልሄድሁም።

«ወደድሽው?» አሉኝ።

«እንጃ። ምንም የለበትምኮ።»

«ታዲያ ቆመሽ ምኑን ታያለሽ?»

ሲደርቅ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ የቀሩትን ከመሳቢያ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። የማተማቸው ሥዕሎች ሁሉ ተነሺ፣ ውጊ፣ አምርቺ ይሉኛል። እሱ ምንም አይለኝም። የምወደው ለዚህ ይሆናል እያልሁ እተወዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በነሐሴ፣ ለአብዮት በዓል ሥዕል በምናዘጋጅበት ሰሞን ነው። ጠዋት ላይ የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ ደምሴ ከአንድ ጠመንጃ ከያዘ ጠባቂ ጋር መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪው የተተኮሰ፣ ሳቂታ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ግን ያንን ሳቁን ነበር። በዓሉ ላይ ከመድረኩ ኋላ የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ሊመርጥ ነው የመጣው። ያዘጋጀነውን ሲያይ ቆየና ዓይኑ ግድግዳው ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ። «የአብዮቱ ፀሐይ። ጓድ ውብሸት፣ እርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ይደብቁናል?»

ጋሽ ውብሸት መሯቸውን እየጠረጉ «ክብ ነው» አሉ።

«ምን?»

«ፀሐይ አላልሁትም። ክብ ነው፣ ያ ደግሞ መስመር።»

ጓድ ደምሴ ሳቀ። «እሺ፣ ክብ ይሁንልዎ። ባዶ ሆነ እንጂ። ሰፊው ሕዝብ የታለ? እዚህ ጋ ገበሬ፣ እዚያ ጋ ወዛደር ይጨምሩበትና ይህንኑ እንሰቅለዋለን።»

ጋሽ ውብሸት እንደ ሌላ ጊዜ እሺ ብለው ቢያሳልፉት ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ስለዚያ ሳንቃ መዋሸት አልቻሉም መሰለኝ።

«ሰዎች ነበሩበት» አሉ። «አወጣኋቸው።»

ሳቁ ቆመ። «አወጣኋቸው ማለት?»

«ሦስት ነበሩ። አንድ በአንድ አወጣኋቸው።»

ጠባቂው ጓድ ደምሴን አየ። እኔ የያዝሁትን ሮለር አስቀመጥሁ።

«አንተ» አለ ጓድ ደምሴ። አሁን እርስዎ ቀረ። «ሕዝብ አንድ በአንድ እያወጣህ ነው እዚህ ቁጭ ብለህ ቀይ ቀለም የምትጨርሰው? እነዚያ ሰዎች ያሉበት ወረቀት የት አለ?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ሁሉንም ይዘሽ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ነይ። እንጨቱንም። አንዱ ቢጎድል ጎዶሎውን የምትሞዪው አንቺ ነሽ።»

ጋሽ ውብሸትን ደጅ ወደ ቆመው ላንድሮቨር ወሰዷቸው። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ሙሉ፣ ቀለሙን ክደኚው፤ ይደርቃል» አሉኝ። አስናቀም ሲወስዱት እንዲህ ያለ ነገር ነው የተናገረው፤ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል» ነበር ያለው። መኪናው ከሄደ በኋላ ቆርቆሮው ሥር ብቻዬን ቀረሁ። ቀለሙን ከደንሁ።

ሥዕሎቹን ባቃጥላቸው ባዶ እጄን መሄዴ ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። ይዤ ብሄድም ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅሁም፤ በውስጣቸው ክፉ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ያነሣሁትን ጨምሬ አምስቱን ወረቀቶች ጠቅልዬ፣ ሳንቃውን በጆንያ አልብሼ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ሄድሁ። ዝናቡ አባርቷል። ውኃው የክረምት ውኃ ነው፣ የደፈረሰ። ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች እየደረሱ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሳንቃውን ውኃ ውስጥ ልጥለው ዳር ድረስ ወረድሁ። ዋንዛ እንደማይሰጥም ያስታወስሁት እግሬ ውኃ ከነካ በኋላ ነው። ተመልሼ መንገዴን ቀጠልሁ።

ቢሮው ውስጥ ጋሽ ውብሸት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አልተመቱም፤ ጫማቸው ግን እግራቸው ላይ አልነበረም። ጓድ ደምሴ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«የመሪጌታ ልጅ ነሽ አሉ» አለኝ። «የካህን ቤት ምስጢር መያዝ ያውቅበታል። በይ፣ ወለሉ ላይ ዘርጊያቸው። በታተሙበት ተራ።»

ተንበርክኬ ዘረጋሁ። መጠቅለል የለመደው ወረቀት እየተጠቀለለ ስላስቸገረኝ ጫፍ ጫፉን በእጄ ደልድዬ ሌላውን ከጎኑ አስቀመጥሁ። አምስተኛውን አስቀምጬ ቀና አልሁ።

እያንዳንዱን በእጄ ያተምሁት እኔ ነኝ። ጎን ለጎን ግን አይቻቸው አላውቅም። በመካከላቸው ሳምንታት ነበሩ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው መሳቢያ ገብቷል። አንድ ላይ ስደረድራቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጓድ ደምሴ ከጠረጴዛው ወርዶ በጫማው ጫፍ እያመለከተ በወረቀቶቹ ግርጌ ሄደ። «እዚህ ሦስት ሰው። እዚህ ሁለት። እዚህ አንድ። እዚህ ባዶ ታንኳ። እዚህ ታንኳዋም የለችም።» ቆመ። «የት ሄዱ?»

ወደ ጋሽ ውብሸት ዞረ።

«አንተን ነው። የት ሄዱ? ማን ወሰዳቸው? ሰው አንድ በአንድ ጠፋ፣ ቀይ ቀለም ብቻ ቀረ፤ ይህን ነው የምትለን?»

ወደ መጀመሪያው ወረቀት ተመለከትሁ። አንዱ ሰው ቆሞ ይቀዝፋል። አንዱ መካከል ተቀምጧል። ሦስተኛው በታንኳዋ ጭራ ላይ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ኋላ ያያል። ታንኳ ላይ እንዲህ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበር የማውቀው። አስናቀ የተነሣበት ዳር ከዓይኑ እስኪጠፋ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር የሚቀመጠው፤ እናቴ ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሊወስደኝ ሲመጣም ከማተሚያ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ታስረው በቆሙት ታንኳዎች ላይ እንደዚያው ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። መስኮቱ ሥር የሚጠርቡት ደግሞ ጋሽ ውብሸት ናቸው።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ የሌለው እሱ ነበር። መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው፤ ያንን ወረቀት ያተምነውም አስናቀ ከተወሰደ በኋላ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ የደነገጥሁት ለጋሽ ውብሸት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያን ሁሉ ጠዋት ቆሜ ምን አይ እንደ ነበር የነገረኝ ይህ ካድሬ ነው። ሥዕሉን ያነበበልኝ ሊገድልበት የፈለገው ሰው ነው። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። እኔ ደግሞ ልክ አይደለህም ማለት ነበረብኝ።

«መልሳቸው» አለ ጓድ ደምሴ። «ለበዓሉ ሦስቱም ታንኳው ላይ ይኑሩ። እስቃለሁ፣ እረሳዋለሁ። መልሳቸው።»

ጋሽ ውብሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «አይመለሱም» አሉ።

ጠባቂው ጠመንጃውን ማስተካከል ተወ። ጓድ ደምሴ ከደጅ ሰው ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ ድምፄ ሳላስበው ወጣ።

«ጓድ፣ የማይመለሰው እንጨቱ ነው» አልሁ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«የሥራው ጠባይ ነው። በዚህ ሥራ ማውጣት እንጂ መጨመር የለም።» ጆንያውን ገፍፌ ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁለት። «ይዳስሱት። ሰዎቹ የነበሩበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ክቡና መስመሩ ከፍ ብለው የቀሩት ስላልተነኩ ነው። የተጠረበ ላይ ሰው ማቆም አይቻልም፤ እንጨት የለውማ።»

ተጠራጥሮ ጣቱን ሰደደ። ከጎድጓዳው ወደ ክቡ ሲወጣ ከማተሚያ ክፍሉ ጆንያ የነካው ያልደረቀ ቀለም ጣቱን አቀላው። አየውና በጋዜጣ ጠረገው፤ አልለቀቀም።

«በነጭ ጋዝ ነው የሚለቅ» አልሁት።

«ዝም በይ። ሌላ ሰው ያለበት ሥዕል በሌላ እንጨት ላይ አይሠራም ነበር? ለምንድን ነው ከአንዱ ላይ እየቀነሰ የሚሠራ?»

«ሌላ ሳንቃ የለንም፣ ጓድ።»

«እንዴት አይኖራችሁም?»

«ከዚህ ቢሮ ስንጠይቅ ቆይተናል። በጀት ይጠበቅ ተባልን። እሳቸው ሥራ ፈትተው ላለመቀመጥ ያለውን አንዱን ሳንቃ እየጠረቡ አዲስ ሥዕል ያወጡበታል። ሦስት ሰው የነበረው ሁለት የሚሆነው ለዚህ ነው።»

ጠባቂው ሳቅ አመለጠውና ሳል አደረገው። በጀት ይጠበቅ ያለን ጓድ ደምሴ ራሱ ነበር። ቀዩን ጣቱን ከካኪው አርቆ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አምስተኛውን ወረቀት አነሣና ፊቴ ላይ ዘረጋው።

«አንቺ ነሽ ያተምሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ ላይ ምንም የለም?»

መስኮቱ ከኋላው ነበርና ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ መጣ። ያን ጊዜ አየኋቸው። ከመስመሩ በላይ፣ ታንኳው ጭራ በነበረበት ቦታ፣ ነጩ ላይ ሦስት አራት ቀጫጭን ቀይ ጭረቶች አሉ። ጠዋት ጠዋት ሳየው የኖርሁት ወረቀት ነው፤ እስከዚያች ሰዓት አላየኋቸውም። የቀዛፊው ቦታ ንጹሕ ነው። የመካከለኛው ቦታ ንጹሕ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ በተቀመጠው ሰው ቦታ ላይ ብቻ መሮው ያልጨረሰው ነገር አለ።

የጓድ ደምሴ አውራ ጣት ከጭረቶቹ አጠገብ ነበር።

«ምንም የለም» አልሁ።

ዓይኔን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ወረወረው።

«ክብና መስመር» አለ። «ለዚህ ነው ውጭ አገር የተማርኸው? ውሰጂው፣ በርበሬ ጠቅልዪበት። እንጨቱ ይፈለጥ። እነዚህን አራቱን አቃጥሏቸው። አንተ፣ ጫማህን አድርግና ነገ ገበሬና ወዛደር ሥራ። ሳንቃ ይላክልሃል።»

ከቢሮው ወጣን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጋሽ ውብሸት ቁጭ ብለው ያላሰሩትን የጫማቸውን ማሰሪያ አሰሩ። ወረቀቱን ጠቅልዬ በነጠላዬ ሥር ይዤዋለሁ።

«ጋሽ ውብሸት» አልሁ፣ «እነዚያን ጭረቶች ረስተዋቸው ነው?»

ማሰሪያውን ጨርሰው ተነሡ። «ሙሉ፣ እኔ ጭረት ስረሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስለ ነገሩ ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም፤ በኋላም ቢሆን። ሳንቃው ተላከልን፤ የተጨበጡ እጆች አተምን። ጥቂት ቆይቶ እሳቸው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ያ ቀን ምን ለወጠብኝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ትልቅ ነገር አልነግራችሁም። ደፋር አልሆንሁም። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ ኖርሁ። ነገር ግን ባዶ ለሚባል ነገር ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል አይተው ሠዓሊው መሣል ስላልቻለ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ሲጠረብ አይቻለሁ። መስመሩን መስመር ለማድረግ ስንት ነገር እንደሚወጣ፣ ሲወጣም እጅ እንዴት እንደሚከብድ አይቻለሁ። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ምን አለበት ብዬ አልጠይቅም። ምን ነበረበት ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ላይ በእርግጥም ምንም አልነበረም፤ ክቡ ክብ ብቻ ነው፣ እሱም ያምራል። እናንተም ቸኩላችሁ አትለፉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያው ቀን ወረቀቱን ቤት ወስጄ በመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። ለእናቴ ስለ ቢሮውም፣ ስለ ሦስቱ ሰዎችም አልነገርኋትም። ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ መጣችና ቀርባ አየችው።

«ይሄ ውኃው ነው» አለች፣ በመስመሩ ላይ ጣቷን እያስኬደች።

«አዎ።»

ጣቷ ወደ ላይ ወጣና ጭረቶቹ ላይ ቆመ። «ይቺስ?»

«መሮ የሳታት ናት።»

«አይቶ ነው የተዋት ወይስ ሳያይ?»

«አይቶ» አልሁ።

ጣቷን አላነሣችም። «አሁንም ጀርባውን ለመንገዱ እንደ ሰጠ ነው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጎረቤት ሁሉ በሚያያት ቦታ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር።